የሕፃን ጥቃት ጥቆማ በሐሰት ወይም በስሕተት የቀረበባቸው ወላጆችና አሳዳሪዎች ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮች

አንድ ሕፃን ጥቃት ደርሶበታል ወይም ተገቢ እንክብካቤ አላገኘም የሚል ጥቆማ ሲቀርብ የሚመለከታቸው የመንግሥት አካላት ጉዳዩን የማጣራት ኃላፊነት አለባቸው። ድርጊቱን ላልፈጸመ ወላጅ ወይም አሳዳሪ ይህ ሂደት ከባድ ጭንቀት ማስከተሉ የታወቀ ነው። ይህ መረጃ የተዘጋጀው ጥቆማ የቀረበባቸው ዜጎች የምርመራውን ሂደት፣ መብቶቻቸውንና ሊወስዷቸው የሚገቡ እርምጃዎችን እንዲያውቁ ለማገዝ ነው።

ምርመራ የጥፋተኝነት ውሳኔ አይደለም

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከቱ እርምጃዎች ሁሉ የሕፃናት ደኅንነት ቅድሚያ እንዲሰጠው ይደነግጋል። በአንቀጽ 20 መሠረት ደግሞ የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛነቱ በፍርድ ቤት እስካልተረጋገጠ ድረስ እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት አለው። ሁለቱ ድንጋጌዎች አይጋጩም፤ ምርመራው የሚካሄደው ሕፃኑን ለመጠበቅም እውነቱን ለማወቅም ነው።

የተሳሳተ ጥቆማ ሁሉ በክፋት የቀረበ አይደለም። አንዳንድ ሕፃናት ሲወለዱ በጀርባቸው ወይም በመቀመጫቸው ላይ የሚታየው ሰማያዊ ምልክት በድብደባ የመጣ ሊመስል ይችላል። በጨዋታ ላይ የደረሰ ጉዳትም መምህርን ወይም ጎረቤትን ሊያሳስብ ይችላል። በሌላ በኩል በፍቺ፣ በውርስ ወይም በጉርብትና ጠብ ምክንያት ሆን ተብሎ የሚቀርብ ጥቆማ አለ። ይህ ልዩነት ከዚህ በታች እንደተገለጸው በሕግ ረገድ ከፍተኛ ትርጉም አለው።

ምርመራው በማን ይካሄዳል?

አንድ ጥቆማ ሁለት ሂደቶችን ሊያስከትል ይችላል። የመጀመሪያው ወንጀል መፈጸሙን የሚያጣራው የፖሊስና የዐቃቤ ሕግ ምርመራ ነው። ሁለተኛው የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያዎች የሕፃኑን የኑሮ ሁኔታና ደኅንነት የሚያዩበት ክትትል ነው። ወደ ቤትዎ ወይም ወደ ሥራ ቦታዎ የመጣ ሰው ከየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ፣ መታወቂያውንና የመጣበትን ጉዳይ በትሕትና ይጠይቁ። ስሙን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ይመዝግቡ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምን ያድርጉ?

• በተቻለ ፍጥነት የሕግ ባለሙያ ያማክሩ። የገንዘብ አቅም ከሌለዎት በዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች ሥር የሚገኙ ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላትን ይጠይቁ።
• የሕፃኑን የክትባት ካርድ፣ የሕክምና ማስረጃዎችና የትምህርት ቤት መዛግብት በአንድ ላይ ያስቀምጡ። ሕፃኑ ቀደም ሲል ወድቆ ወይም ታሞ ታክሞ ከነበረ ከጤና ተቋሙ የጽሑፍ ማስረጃ ይጠይቁ።
• የተፈጸመውን ሁሉ በቀን ቅደም ተከተል ይጻፉ። ጉዳዩን በዓይናቸው ያዩ ሰዎችን ስምና አድራሻ ይያዙ።
• ምንም ዓይነት ሰነድ፣ ፎቶግራፍ ወይም የስልክ መልእክት አይሰርዙ፤ ንጹሕ ሰው የሰረዘው ማስረጃም ጥርጣሬን ያጠናክራል።
• ጠቁሟል ብለው የሚያስቡትን ሰው አያስፈራሩ፣ ደጁ ድረስ ሄደው አይጠይቁ፣ በማኅበራዊ ሚዲያም ስሙን አያንሡ።

ከሕፃኑ ጋር የሚኖር ግንኙነት

ወላጆች በቅን ልቦና ከሚፈጽሟቸው ስሕተቶች ዋናው ሕፃኑ ለመርማሪ ምን መናገር እንዳለበት ማስጠናት ነው። የተጠና ቃል በባለሙያ ፊት ሊታወቅ ይችላል፤ እውነት የሆነውንም ነገር ተአማኒነት ያሳጣዋል። ሕፃኑን ደጋግመው አይጠይቁት። እውነቱን መናገር እንዳለበትና በመናገሩ ማንም እንደማይቆጣው ብቻ ይንገሩት። የትምህርት፣ የምግብና የእንቅልፍ ሰዓቱ እንዳይዛባ ያድርጉ። በእርሱ ፊት ስለ ጉዳዩ አይከራከሩ።

በፖሊስ ምርመራ ወቅት ያሉዎት መብቶች

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ እንዲነገረው፣ ያለመናገር መብት እንዲኖረውና በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። ወደ ፍርድ ቤት ለመጓዝ የሚያስፈልገው ጊዜ በ48 ሰዓቱ ውስጥ አይቆጠርም። ተገዶ የተሰጠ ቃል በማስረጃነት ተቀባይነት የለውም። በሕግ ከተደነገጉ ልዩ ሁኔታዎች በስተቀርም የተያዘ ሰው በዋስ የመፈታት መብት አለው። ቃልዎን ከሰጡ የተጻፈውን አንብበው ወይም ተነቦልዎ ካረጋገጡ በኋላ ይፈርሙ፤ ያልተናገሩት ነገር ካለ እንዲታረም ይጠይቁ። ላለመናገር ሲወስኑም ይህንኑ በእርጋታ ይግለጹ።

ሕፃኑ ከቤተሰቡ ሊለይ ይችላልን?

ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 9 ሕፃን ከወላጆቹ ያለፈቃዳቸው የሚለየው ሥልጣን ያለው አካል በሕግ መሠረት ለሕፃኑ ጥቅም አስፈላጊ መሆኑን ሲወስን ብቻ እንደሆነና ውሳኔውም በፍርድ ቤት ሊታይ እንደሚገባ ይገልጻል። እንዲህ ያለ ሐሳብ ከቀረበ ውሳኔው በጽሑፍ እንዲሰጥዎት ይጠይቁ። ሕፃኑ ለጊዜው አያቱ፣ አክስቱ ወይም አጎቱ ዘንድ እንዲቆይ የሚፈልጉ ከሆነ ሐሳቡን ራስዎ ያቅርቡ። በክርክሩ ላይ አስተያየት የመስጠትና ይግባኝ የማለት መብትዎን ይጠቀሙ። ሕፃኑን ደብቆ ወደ ሌላ አካባቢ መውሰድ ግን ጉዳዩን ያባብሰዋል።

ሽምግልናን በተመለከተ

የአገር ሽማግሌዎች በቤተሰብ ወይም በጎረቤት መካከል የተፈጠረውን ቅሬታ ማብረድ ይችላሉ። ሆኖም የሽምግልና ዕርቅ በሕፃን ላይ ተፈጽሟል የተባለን ወንጀል ምርመራ አይዘጋም። ጠብ ለማብረድ ተብሎ ያልፈጸሙትን ድርጊት አምኖ ይቅርታ መጠየቅም በኋላ እንደ እምነት ቃል ሊቀርብብዎት ይችላል።

ምርመራው ሲጠናቀቅ

በቂ ማስረጃ ካልተገኘ ዐቃቤ ሕግ መዝገቡን ሊዘጋ ይችላል። ይህንኑ የሚገልጽ ማስረጃ በጽሑፍ ጠይቀው ይያዙ፤ ለሥራ ቦታ፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለቤተሰብ ክርክር ሊያስፈልግዎት ይችላል። በማስረጃ ማነስ የተዘጋ መዝገብ አዲስ ማስረጃ ሲገኝ እንደገና ሊታይ ስለሚችል ሰነዶችዎን አይጣሉ።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 447 ንጹሕ መሆኑን እያወቀ ሰውን በወንጀል የሚጠቁምን ሰው ይቀጣል። ስለዚህ ጥቆማው ስሕተት መሆኑ ብቻ ጠቋሚውን ተጠያቂ አያደርገውም፤ ሐሰት መሆኑን እያወቀ ማቅረቡ መረጋገጥ አለበት። ለሕፃን ደኅንነት በቅንነት ሠግቶ የጠቆመ ሰው ሊከሰስ አይገባም። ሰዎች ጥቆማ ከመስጠት ቢሸሹ በእውነት የሚጠቁ ሕፃናት ያለ ተከላካይ ይቀራሉና።

ቅሬታ ካለዎት

በሂደቱ አድልዎ ወይም የአስተዳደር በደል ተፈጽሞብኛል ካሉ በመጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ በጽሑፍ ያመልክቱ። መፍትሔ ካላገኙ ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ የሰብዓዊ መብት ጥሰትን በሚመለከትም ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል። ስለ ሕፃኑ እንክብካቤና የምክር አገልግሎት በሚኖሩበት ወረዳ የሚገኘውን የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ።

ይህ መረጃ ለጠቅላላ ግንዛቤ የቀረበ ሲሆን የሕግ ባለሙያን ምክር አይተካም።