አደይና መንገድ፤ ከእንጦጦ እስከ ዓባይ

የአበባ ወር ሲባል ብዙ ሰው ጸደይን ያስባል። በአገራችን አቆጣጠር ግን ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው፣ የበልግ ዝናብ የሚጠበቅበት ወቅት ነው። የደጋው ሜዳ አበባ የሚለብሰው ክረምቱ ሲያበቃና መጸው ሲገባ ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለውን ጊዜ ዘመነ ጽጌ ብላ ሰይማዋለች። የመጽሔታችን አዘጋጆች ስለ መንገድ ታሪክ እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ በመጀመሪያ የታወሰኝ አንድ የመስከረም ጉዞ የሆነው ስለዚህ ነው።

ዘመኑ 2007 ዓ.ም. ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ሲሆን፣ አደይ አበባን በሜዳው ላይ ለማየት የአጎቴን ባለ 125 ሲሲ ሞተር ሳይክል ተውሼ በማለዳ ወደ ጎጃም መንገድ አቀናሁ። እንጦጦን ስወጣ ሞተሩ ማቃሰት ጀመረ፤ በ3000 ሜትር ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ሞተር በባሕር ወለል ከሚኖረው ጉልበት ሲሶ የሚያህለውን ያጣል። ዐፄ ምኒልክ ወደ አዲስ አበባ ከመውረዳቸው በፊት የከተሙበትን ይህን ተራራ አልፌ ቁልቁል ስመለከት ግን የሱሉልታ ሜዳ ከዳር እስከ ዳር ቢጫ ሆኖ ተዘርግቶ ነበር። በየረግረጉ ዳር የማገጥ ሐምራዊ አበባ፣ በየእርሻው ድንበርና በመንገዱ ቦይ ግራና ቀኝ ደግሞ አደይ ተሰልፏል።

ይህን አበባ የአገሩ ሰው አደይ፣ በኦሮምኛም ኬሎ እያለ ሲጠራው ኖሯል። የአውሮፓ ሊቃውንት የአገራችንን ዕፀዋት በመጽሐፍ ያሰፈሩት ግን ብዙ ተደክሞበትና የሰው ሕይወት ጭምር ተከፍሎበት ነው። ጀርመናዊው ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1837 ወደ አገራችን መጥቶ፣ በትግራይና በስሜን ዕፀዋት ሲሰበስብ ኖሮ በ1878 ዐድዋ ላይ ዐርፏል። ከፈረንሳዊው ሌፌቭር ጋር ከመጡት የዕፀዋት ሰብሳቢዎች አንዱ የሆነው ሐኪሙ ፔቲ በ1843 ዓባይን ሲሻገር አዞ ወስዶታል። የእነዚህ ሰዎች ስብስብ ፓሪስ ደርሶ፣ አሺል ሪሻር በተባለ ሊቅ እጅ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ዕፀዋት መጽሐፍ ሆነ። ሥራውን በአገር ልጆች ተሳትፎ ከፍጻሜ ያደረሰው፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በስዊድን ትብብር እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 የተጠናቀቀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት ጥናት ነው። በዚህ ጥናት ከተመዘገቡት ስድስት ሺህ ያህል ዕፀዋት ከመቶ ዐሥር የሚሆኑት ከዚህ ምድር በቀር የትም አይገኙም።

የመንገዱ ታሪክም እንዲሁ ደስታና ኀዘን የተቀላቀለበት ነው። ፋሺስት ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የዘረጋቸው ጎዳናዎች ከሁሉ በፊት የጦር ሠራዊት ማመላለሻ ነበሩ። በግንቦት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ትእዛዝ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በካሚዮን ተጭነው ወደ መረሸኛቸው መወሰዳቸውን የማያስታውስ መንገደኛ ወደ ገዳሙ የሚወስደውን መገንጠያ ማለፍ የለበትም። ከነፃነት በኋላ የተወረሱት መንገዶች ጠጋኝ አጥተው በየክረምቱ እየፈረሱ ሄዱ። በ1943 ዓ.ም. መንግሥት ከዓለም ባንክ የ5 ሚሊዮን ዶላር ብድር ተቀብሎ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣንን ያቋቋመው በዚሁ ምክንያት ነው። እንግዲህ የሙያችን ተቋም የተወለደው አዲስ መንገድ ከመክፈት ይልቅ የፈረሰውን ከመጠገን ግዴታ እንደ ሆነ ልብ ይሏል።

በዚያ ጉዞ ሙከጡሪን አልፌ ሞተሩን ለማሳረፍ በቆምኩበት ስፍራ አንድ ሽማግሌ ገበሬ የእርሻቸውን ዳር ሲያርሙ አገኘኋቸው። ከጤፉ መካከል አረሙን ሲነቅሉ፣ በድንበሩ ላይ የቆመውን አደይ ግን አይነኩትም ነበር።

«አባቴ፣ ይህንንስ ለምን ተዉት?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ንቡስ ምን ይቅሰም? ደግሞም ዘሩን ሳይጥል ካጨድከው ለከርሞ አታገኘውም» አሉኝ።

በጊዜው እንደ አንድ መልካም ጨዋታ ሰምቼው አለፍኩ። ፍቼ አድሬ በማግሥቱ ጎሐ ጽዮን ደረስኩና ወደ ሸለቆው ወረድኩ። መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲወርድ ከላይ ያለው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በኖራ ድንጋይ፣ እርሱም በጂፕሰም፣ በመጨረሻም በአሸዋ ድንጋይ ይተካል። ብርዱ በቆላ ሙቀት ሲለወጥ አደይም ከዐይን ይጠፋል። ከታች፣ ከጣሊያን መውጣት በኋላ የተሠራው ባለ ቅስት የኮንክሪት ድልድይና በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው የ303 ሜትር ድልድይ ጎን ለጎን ቆመዋል። ፔቲን ያስቀረውን ወንዝ እኔ በአንድ ደቂቃ ተሻገርኩት፤ በሙያዬ የዚያን ቀን ያህል ኮርቼ አላውቅም።

ኩራቴ ግን ብዙ አልቆየም። ከሁለት ዓመት በኋላ በአንድ የጥገና ሥራ ላይ የቦታው ተቆጣጣሪ ሆኜ ተመደብኩ። ክረምቱ ሲያበቃ የተደፈኑት ቦዮች እንዲከፈቱ የሥራ ፕሮግራሙ ያዝዝ ነበርና፣ በመስከረም ግሬደር አስገብቼ የቦዩን ወለል ብቻ ሳይሆን የመንገዱን ትከሻና የቁርጡን ተዳፋት ጭምር አስላጨሁ። መንገዱ ንጹሕ ሆነ፤ አለቆቼም አመሰገኑኝ። በማግሥቱ ዓመት አደይ በዚያ ስፍራ አልታየም። ሥር ያጣው ተዳፋት በክረምቱ ጎርፍ ታጥቦ ወደ ቦዩ ወረደ፤ ያስከፈትኩት ቦይ ከቀድሞው ይልቅ ተደፈነ፤ ውሃውም በአስፋልቱ ላይ ሄደ። አደይ በየዓመቱ ከዘር የሚበቅል ተክል መሆኑን ሽማግሌው ነግረውኝ ነበር። ሰምቼ ሳልሰማ ቀርቼ፣ እርሳቸው በነፃ የሰጡኝን ትምህርት በመንግሥት ገንዘብ ገዛሁት።

ከዚያ ወዲህ በምመራው ሥራ ሁሉ በመስከረም የሚጠረገው የቦዩ ወለልና የትቦው አፍ ብቻ ነው። በተዳፋቱ ላይ ያለው ሣርና አበባ ዘሩን እስኪጥል እስከ ኅዳር ይቆያል፤ ለመንገደኛ እይታ አስፈላጊ በሆነባቸው ጠመዝማዛ ቦታዎች ላይም በማጭድ ይታጨዳል እንጂ በግሬደር አይላጭም። ይህ አሠራር ተጨማሪ ወጪ አላስከተለብኝም፤ የጠየቀኝ የሥራ ፕሮግራሙን ከወቅቱ ጋር ማስማማት ብቻ ነው።

ዛሬ ያ ጉዞ በነበረበት መልክ አይደገምም። የሱሉልታ ሜዳ በፋብሪካና በመኖሪያ ቤት እየተሸፈነ፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም በሸገር ከተማ ሥር ተካቷል። ከዚያ በላይ ባለው መንገድም የጸጥታው ችግር ለብቻ የሚደረግን ሽርሽር የማይታሰብ አድርጎታል። ሜዳው ሲታረስና ሲገነባ ለአደይ የሚቀርለት የእርሻ ድንበርና የመንገድ ዳር ነው። ድንበሩን ገበሬው ይጠብቀዋል፤ የመንገዱ ዳር ግን በአደራ የተሰጠው ለእኛ ለመሐንዲሶች ነው። ባልደረቦቼ ሆይ፣ በመጪው መስከረም ግሬደሩን ከማሰማራታችን በፊት ከመኪናችን ወርደን ተዳፋቱን በእግራችን እንመልከት።