ሁለት ዓይን፣ አንድ ዓይን

ማንበብ የሚችለው ጥቂት ሰው በነበረበት ዘመን የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ትምህርት ቤት ነበር። በቆዩት ሥዕሎቻችን ደጉ ሰው ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ያያችኋል፤ ክፉው በአብዛኛው በጎን ስለሚሣል አንድ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው። ፊደል ያልቆጠረ ሕፃንም ይለያቸዋል።

ወላጅ የሆናችሁ ተማሪዎቼ፣ እኔ የምለው፦ መሬት ሸጠው ከዋጋው ከፊሉን ደብቀው ጴጥሮስን የዋሹትን ሐናንያንና ሰጲራን ልጆቻችሁ ከለር ሲቀቡ፣ «ለእነዚህ ስንት ዓይን እንሣልላቸው? ለምን?» በሏቸው።

በጥቅምት 2015 ኩረጃን ለመከላከል የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ዩኒቨርሲቲ ገብተው ተፈተኑ። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። ጥበቃ ኩረጃን ሊያስቆም ይችላል፤ ሐቀኝነት ግን የሚጀመረው በከለር ዕድሜ ነው።

መልካም ቀን፣ ከመካኒሳ።