በሊባኖስ የክርስቲያኖች ልዩ መብት

በሊባኖስ የክርስቲያኖች ልዩ መብት የሚባለው፣ የመንግሥት ሥልጣን በሃይማኖት ወገን በሚከፋፈልበት ሥርዓት ውስጥ ክርስቲያኖች፣ ከሁሉም በላይ ማሮናይት የሚባሉት ካቶሊኮች፣ የያዙት የተለየ ድርሻ ነው። አገሪቱ 18 የሃይማኖት ወገኖችን በሕግ ታውቃለች።

አመጣጥ
ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1920 ቤይሩትን፣ ትሪፖሊን፣ ደቡቡንና የበቃ ሸለቆን ከሊባኖስ ተራራ ጋር አዋህዳ ታላቋን ሊባኖስ መሠረተች። የ1932ቱ ቆጠራ ክርስቲያኖች በጥቂቱ እንደሚበልጡ አሳየ፤ ከዚያ ወዲህ ይፋዊ ቆጠራ አልተደረገም። በ1943 ብሻራ አል ኹሪና ሪያድ አል ሶልህ የተስማሙበት ያልተጻፈ ውል ፕሬዚዳንቱ ማሮናይት፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሱኒ ሙስሊም እንዲሆኑ አደረገ፤ አፈ ጉባኤነቱ በልማድ የሺዓ ሙስሊም ሆነ። የምክር ቤት መቀመጫም ስድስት ለክርስቲያኖች፣ አምስት ለሙስሊሞች በሚል ምጣኔ ተደለደለ።

ከጦርነቱ በኋላ
የእርስ በርስ ጦርነቱ (1975–1990) ቤይሩትን ምሥራቅና ምዕራብ ብሎ ከፈላት። የ1989ኙ የጣኢፍ ስምምነት መቀመጫውን እኩል አካፍሎ የፕሬዚዳንቱን ሥልጣን ቀነሰ፤ የጦር አዛዥነትና የማዕከላዊ ባንክ ገዥነት ግን እስካሁን በልማድ የማሮናይት ነው። ክርስቲያኖች በቁጥር እያነሱ በመሄዳቸው ልዩ መብቱ ከስጋት ጋር ተጣምሯል። በደቡብ ምሥራቅ የቤይሩት ዳርቻ የሚገኘው የሐደት ማዘጋጃ ቤት የክርስቲያኖች ቤትና መሬት ለሙስሊሞች እንዳይሸጥና እንዳይከራይ መከልከሉ በ2019 ብዙ አነጋግሯል፤ ደጋፊዎቹ አብሮ መኖርን ለመጠበቅ ነው ሲሉ፣ ተቃዋሚዎቹ ሕገ መንግሥቱን የሚጥስ አድልዎ ብለውታል።

እምነት የሌላቸው
ሕገ መንግሥቱ የኅሊና ነፃነትን ፍጹም ይለዋል። ጋብቻና ፍቺ ግን በየሃይማኖቱ ሕግና ፍርድ ቤት ስለሚዳኙ፣ በሃይማኖት መጋባት ያልፈለጉ ብዙዎች ቆጵሮስ ሄደው ይጋባሉ፤ መንግሥትም ያንን ጋብቻ ይመዘግባል። ከ2009 ጀምሮ ዜጋ ሃይማኖቱን ከመዝገብ ማስፋቅ ቢፈቀድለትም፣ በወገን የተደለደለ ሥልጣን ለማግኘት መዝገቡ ያስፈልገዋል።

ኢትዮጵያውያን
በቤይሩትና በዳርቻዋ በቤት ሠራተኝነት ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ ክርስቲያኖች ናቸው። ይሁን እንጂ የ1946ቱ የሠራተኛ ሕግ የቤት ሠራተኛን አይመለከትም፤ የመኖሪያ ፈቃዷም ከፋላ በሚባለው የአሠሪ ዋስትና ሥርዓት ከአሠሪዋ ጋር የተቆራኘ ነው። ልዩ መብቱ የሚገኘው በሊባኖሳዊ መዝገብ ላይ በሰፈረ ወገን እንጂ በእምነት ብቻ አይደለም።