የሞዴል ባቡር ድምፅ በአነስተኛ ወጪ

የሞዴል ባቡር ድምፅ፣ በመጠን አንሶ የተሠራ ባቡር ጠረጴዛ ላይ በተዘረጋ ሐዲድ ሲጓዝ የእውነተኛውን ባቡር ጡሩምባ፣ የሞተር ጉርምርምታ፣ የሐዲድ ኳኳታና የጣቢያ ግርግር አብሮ እንዲያሰማ የማድረግ ሥራ ነው። ሥራው ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ ድምፁን ማግኘትና ድምፁን ማጫወት። ማጫወቻው ከዓመት ወደ ዓመት እየረከሰ መጥቶ ዛሬ በጥቂት ዶላር ይሸጣል። ድምፁ ግን እንደዚያ አይደለም። በተለይ እንደ ኢትዮጵያ ባለ አሮጌ ሎኮሞቲቮቹ በአብዛኛው ሥራ ባቆሙበት አገር፣ ከመሣሪያዎቹ ሁሉ ብርቁ የተቀዳው ድምፅ ራሱ ነው።

መጫወቻ ባቡር መጮህ የጀመረው ኤሌክትሮኒክስ ከመስፋፋቱ በፊት ነው። የአሜሪካው ላዮኔል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1935 ከሎኮሞቲቩ ኋላ በሚጎተተው የከሰል ጋሪ ውስጥ በትንሽ ሞተር የሚዞር ማራገቢያ ገጠመ፤ ማራገቢያው አየር እየገፋ ፉጨቱን ያስጮኸዋል። የላዮኔል ሐዲድ የሚሠራው በተለዋዋጭ ጅረት (ኤሲ) ስለነበር የሚጫወተው ልጅ የፉጨቱን ቁልፍ ሲጫን ትንሽ ቀጥተኛ ጅረት (ዲሲ) ይቀላቀልበታል፤ ጋሪው ውስጥ ያለው ሪሌ የተባለ ማብሪያ ይህንኑ ለይቶ ማራገቢያውን ያስነሳል። ተፎካካሪው አሜሪካን ፍላየር ደግሞ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1946፣ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭን ምት የሚያሰማ ጋሪ ለገበያ አቀረበ።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ፓሲፊክ ፋስት ሜል የተባለው ድርጅት ድምፁን ከጠረጴዛው ውጪ ባለ ሣጥን እያመነጨ በሐዲዱ በኩል ወደ ሎኮሞቲቩ ስፒከር የሚልክ መሣሪያ ሸጠ። የአሜሪካ ብሔራዊ የሞዴል ባቡር ማኅበር በ1990ዎቹ ዲሲሲ የሚባለውን የዲጂታል መቆጣጠሪያ ደረጃ ካጸደቀ በኋላ ደግሞ ድምፁ ሎኮሞቲቩ ውስጥ በሚገባ ሳውንድ ዲኮደር በተባለ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ላይ ሰፈረ። የጀርመኑ ኢኤስዩና የአሜሪካው ሳውንድትራክስ በዚህ ይታወቃሉ። ጥራታቸው ግሩም ነው፤ ዋጋው ግን ለአንድ ሎኮሞቲቭ ብቻ ብዙ ጊዜ 100 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይደርሳል። ዲሲሲ መቆጣጠሪያው ለብቻው ይገዛል።

ወጪ የሚቀንሰው መንገድ ድምፁን ከሎኮሞቲቩ አውጥቶ ከጠረጴዛው ሥር ማስቀመጥ ነው። እንዲህ ሲደረግ አንዱ ማጫወቻ ለሁሉም ሎኮሞቲቮች ያገለግላል፤ ስፒከሩም ጠባብ ቦታ ውስጥ መታጨቁ ቀርቶ እንደልብ ይተልቃል። ጉድለቱ ድምፁ ባቡሩን ተከትሎ አለመሄዱ ነው። ይህም ቢሆን የሚታሰበውን ያህል አያስቸግርም፤ ጆሮ የወፍራም ድምፅን ምንጭ በትክክል ለይቶ ማወቅ ይቸግረዋል። የሞተር ጉርምርምታ ከጠረጴዛው መሐል ቢመጣ ሰሚው በዓይኑ የሚያየው ባቡር ላይ ያሳርፈዋል። ጡሩምባና ደወል ግን ቀጫጭን ስለሆኑ ምንጫቸው ይታወቃል፤ ስለዚህ ለእነርሱ ጣቢያው ወይም የመንገድ ማቋረጫው አጠገብ ሌላ ትንሽ ስፒከር ቢቀመጥ ይመረጣል።

በዚህ አሠራር በብዛት የሚሠራበት ዲኤፍፕሌየር ሚኒ የሚባለው ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጥ የኤምፒ3 ማጫወቻ ነው። እስከ 32 ጊጋባይት የሚይዝ ማይክሮ ኤስዲ ካርድ ይቀበላል፤ ከ3.2 እስከ 5 ቮልት ይሠራል፤ እስከ 3 ዋት የሚደርስ ስፒከር ያለ ተጨማሪ አምፕሊፋየር ያንቀሳቅሳል። ኮምፒዩተርም ሆነ አርዱይኖ የተባለው ትንሽ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ የግድ አያስፈልገውም። ኤዲኪ 1 የሚል ምልክት ያለበት ፒን ከግራውንድ ጋር ሲነካካ ካርዱ ላይ ያለውን የመጀመሪያ ፋይል ያጫውታል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ሪድ ስዊች፣ ማለትም ማግኔት ሲቀርበው የሚዘጋ ቀጭን የመስታወት ማብሪያ፣ ከሐዲዱ ሥር ይቀበራል፤ ሎኮሞቲቩ ሆድ ላይ ደግሞ ትንሽ ማግኔት ይለጠፋል። ባቡሩ ከማቋረጫው ጥቂት ስንዝር ሲቀረው ጡሩምባው ራሱ ይነፋል። ጀማሪውን ብዙ ጊዜ ግራ የሚያጋባው አንድ ነገር አለ፦ መሣሪያው «የመጀመሪያ» የሚለው በስም ቅደም ተከተል ሳይሆን መጀመሪያ ካርዱ ላይ የተገለበጠውን ፋይል ነው። ስለዚህ ካርዱ ፎርማት ተደርጎ ፋይሎቹ አንድ በአንድ በተፈለገው ተራ መገልበጥ አለባቸው።

ባቡሩን የሚነዳው ኃይልና ድምፁን የሚመግበው ኃይል መለየት አለበት። ከአንድ ምንጭ ከተቀዱ የሞተሩ ብልጭታ ስፒከሩ ውስጥ ገብቶ ይንጫጫል። ባለ 5 ቮልት የሞባይል ቻርጀር ወይም ፓወር ባንክ ለድምፁ ይበቃል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ወይም ጨርሶ በሌለበት ቦታም ሞባይል የሚሞላው የሶላር መሣሪያ ይኸንኑ ሥራ ይሠራል።

ስፒከር ከተበላሸ ሬዲዮ፣ ከአሮጌ ቴሌቪዥን ወይም ከሞባይል ጥገና ቤት ሊገኝ ይችላል፤ 4 ወይም 8 ኦም የሆነው ይስማማል። ዋናው ቁም ነገር ግን ሣጥኑ ነው። ስፒከር ባዶውን ሲሠራ ከፊቱ የሚወጣው የድምፅ ሞገድ ከኋላው ከሚወጣው ጋር እየተጣፋ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል፤ የሚቀረው ቀጭን ጩኸት ነው። ጀርባውን በሙጫ አየር እንዳያስገባ ተደርጎ በተዘጋ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ሣጥን ሲታሸግ ያው ስፒከር የሌላ መሣሪያ ያህል ይለወጣል። ውድ ስፒከር ከመፈለግ በፊት ሣጥን መሥራት ይሻላል።

ከሁሉም የሚረክሰው ድምፅ ኤሌክትሮኒክስም አይፈልግም። በእውነተኛው መንገድ አጫጭር ሐዲዶች በሚጋጠሙበት ስንጥቅ ላይ መንኮራኩሩ ሲያልፍ የሚሰማውን ኳኳታ፣ ሞዴሉ በራሱ መንኮራኩር ሊያወጣው ይችላል። በሞዴሉ ሐዲድ ራስ ላይ በቀጭን መጋዝ ጥልቀት የሌለው ጭረት ይደረጋል። 12 ሜትር የሚረዝም ሐዲድ በ1 ለ87 መጠን፣ ማለትም ከእውነተኛው 87 ጊዜ ሲያንስ፣ ወደ 14 ሳንቲሜትር ስለሚጠጋ፣ ጭረቱ በየ14 ሳንቲሜትሩ ይሆናል። ባቡሩ ሲፈጥን ኳኳታው ይፈጥናል፤ ሲቆም ይቆማል። ይህን ያህል ከጉዞው ጋር የሚስማማ ድምፅ በጥቂት ዶላር የተገዛ ማጫወቻ አይሰጥም።

ኢትዮጵያዊ ሞዴል ሠሪ ለአርአያ የሚመርጠው ባቡር አይቸግረውም። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም ለስዊሳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ ከጅቡቲ የተጀመረው መስመር በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ ደረሰ፤ የከተማዋ የለገሐር ጣቢያ በ1922 ተመረቀ። የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ነበር። በ1 ለ87 መጠን ይህ 12 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ሐዲድ ይወከላል፤ በ1 ለ120 መጠን ግን በየገበያው በርካሽ የሚገኘው ባለ 9 ሚሊሜትሩ ሐዲድ ይበቃዋል። ለበጀቱ የሚጠነቀቅ ሰው ሁለተኛውን ቢመርጥ ይጠቀማል።

የመስመሩ የእንፋሎት ዘመን በናፍጣ ሎኮሞቲቮች መተካቱ ለርካሽ ድምፅ ያመቻል። እንፋሎት በድምፅ አስቸጋሪ ነው፤ ሁለት ሲሊንደር ያለው ሎኮሞቲቭ መንኮራኩሩ አንዴ ሲዞር አራት ጊዜ «ቹፍ» ስለሚል፣ ድምፁ ከመንኮራኩሩ ጋር ካልተገጣጠመ ሐሰትነቱ ወዲያው ይታወቃል። በናፍጣ ኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ ግን ሞተሩ የሚያዞረው ጄኔሬተር ነው፤ መንኮራኩሩን የሚያንቀሳቅሱት የኤሌክትሪክ ሞተሮች ናቸው። ስለዚህ ሞተሩ መጀመሪያ ያጉረመርማል፤ ባቡሩ የሚነቃነቀው ከዚያ በኋላ ነው። ከሦስት ፋይል በላይ አያስፈልግም፦ በቆመበት፣ ሲነሳ፣ ሲጎትት።

ፋይሉ ሲዘጋጅ የሚያስቸግረው ድምፁን ያለማቋረጥ ማደጋገሙ ነው። አጭር የኤምፒ3 ድምፅ ተደጋግሞ ሲጫወት በየመገጣጠሚያው ትንሽ ዝምታ ይገባበታል፤ ሰሚውም ሞተሩ ስቅ የሚለው ይመስለዋል። ኦዳሲቲ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ድምፁን አስር ደቂቃ እስኪሞላ መቀጣጠል፣ ወይም በዌቭ ፋይል ማስቀመጥ ችግሩን ያቃልለዋል።

አሳሳቢው ግን ከየት ይቀዳ የሚለው ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው የአሮጌው መስመር አገልግሎት በ2000ዎቹ ዓ.ም መጀመሪያ ላይ ቆሟል። የፈረንሳዩ አልስቶም ከሠራቸው ሎኮሞቲቮች ጥቂቶቹ ከዚያ በኋላም ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ ድንበር ባለው ክፍል አልፎ አልፎ ሲሠሩ መቆየታቸው፣ የድሬዳዋው ጣቢያና ጋራዥም ለጎብኚ ክፍት መሆኑ ዕድል ነው። ያንን ሞተር በሞባይል የሚቀዳ ሰው መጫወቻ ብቻ አያሟላም፤ አንድ የከተማ ታሪክ ያተርፋል። መስከረም 2008 አገልግሎት የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡርና መስከረም 2009 የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባ ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ዛሬም ስለሚሄዱ ለመቅዳት ይቀላሉ። ሁለቱም የሚሄዱት 1,435 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ሐዲድ ላይ ነው፤ የናፍጣ ጉርምርምታ ግን የላቸውም።

ሐዲድ ባልደረሰበት አካባቢስ? ለምሳሌ ፑኝዶ በጋምቤላ ክልል በአኝዋክ ብሔረሰብ ዞን የጎግ ወረዳ ከተማ ናት፤ ባቡር አልፎባት አያውቅም። ወረቀት ላይ ግን ምዕራቡ ከሐዲድ ርቆ አያውቅም። ኢትዮጵያና እንግሊዝ ግንቦት 7 ቀን 1894 የተፈራረሙት ውል ሱዳንን ከኡጋንዳ የሚያገናኝ ባቡር በኢትዮጵያ ግዛት እንዲያልፍ የሚፈቅድ አንቀጽ ነበረው፤ መስመሩ አልተሠራም። የዚሁ ውል ሌላ አንቀጽ በባሮ ወንዝ ዳር ለንግድ ጣቢያ መሬት በመፍቀዱ ግን የጋምቤላ ወደብ ቆመ፤ ወንዙ ሲሞላ ከካርቱም የሚመጡ የእንፋሎት መርከቦች ፉጨት ለአሥርት ዓመታት በከተማዋ ተሰማ። በእኛ ዘመንም የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ካቀዳቸው መስመሮች አንዱ ከአዲስ አበባ በጅማና በጉራፈርዳ አድርጎ ዲማ የሚደርስ ነበር። ዲማ ደግሞ ፑኝዶ ያለችበት ዞን ወረዳ ነው።

ያልተሠራን መስመር ጠረጴዛ ላይ መሥራት በሞዴል ባቡር ዓለም የታወቀ ልማድ ነው። የዲማውን መስመር የሚሠራ ሰው የባቡሩን ድምፅ ከድሬዳዋ ወይም ከአዲስ አበባ ማስመጣት ግድ ይሆንበታል፤ ሌላው ሁሉ ግን ደጃፉ ላይ አለ። የጊሎ ወንዝ፣ የክረምት እንቁራሪት፣ በቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ፣ የጄኔሬተር ድምፅ፣ በአኝዋክኛና በኑዌርኛ የሚደምቅ የገበያ ጫጫታ። እነዚህ ከጠረጴዛው ሥር በዝቅተኛ ድምፅ ሲሄዱ ባቡሩ በማይንቀሳቀስበት ጊዜም ቦታው ቦታ ሆኖ ይሰማል። ከጣቢያው ደወል ይልቅ ሥፍራውን የሚናገሩት እነርሱ ናቸው።

ለመቅዳት ተራ ሞባይል ይበቃል። ማይክሮፎኑ በስስ ስፖንጅ ወይም በጨርቅ ተሸፍኖ ከንፋስ ይጠበቅ፤ ስልኩ በእጅ ከመያዝ ይልቅ የሚረጋበት ነገር ላይ ይቀመጥ፤ የሞተር ድምፅ ከመጠን በላይ ጮሆ እንዳይሰነጠቅ ጥቂት ሜትር ራቅ ይባል። ሰዎች የሚናገሩበት ከሆነ ፈቃዳቸው ይጠየቅ። ፋይሉ ሲቀመጥ ቀኑ፣ ቦታውና የሎኮሞቲቩ ቁጥር ስሙ ላይ ይጻፍ፤ ዋናው ቅጂም ሳይቆረጥና ሳይስተካከል ለብቻው ይቀመጥ፤ ካርዱ ላይ የሚገለበጠው ከእርሱ የተዘጋጀው ነው።