ሊኑክስን በአግባቡ መዝጋት

ሊኑክስን በአግባቡ መዝጋት ማለት ራም ላይ የቆየውን መረጃ ሁሉ ዲስክ ላይ አስፍሮ፣ ፋይል ሲስተሞቹን አንማውንት አድርጎ ማሽኑን ማጥፋት ነው። አንድ ፕሮግራም ፋይል ሴቭ ሲያደርግ ጽሑፉ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያርፈው ራም ላይ ነው። የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል በየ5 ሴኮንዱ ነቅቶ ያልተጻፈውን ይቃኛል፤ በመደበኛው ቅንብር 30 ሴኮንድ ያለፈውን ወደ ዲስክ ይልካል። በዚህ መሐል መብራት ከጠፋ፣ ተቀምጧል የተባለው ሥራ ዲስኩ ጋ ሳይደርስ ይቀራል።

ከጠፋው ጽሑፍ የሚብሰው ግን የፋይል ሲስተሙ መዛባት ነው። አንድ ፋይል ሲረዝም አይኖድ የሚባለው መዝገቡ፣ የነፃ ቦታዎች ካርታና ይዘቱ ራሱ ለየብቻ ይጻፋሉ። መዝገቡ ተጽፎ ካርታው ከቀረ፣ ፋይሉ የያዘው ቦታ ነፃ መስሎ ይታያል፤ ውሎ አድሮም ሌላ ፋይል ይጻፍበታል። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ኤክስት2 የተባለው ፋይል ሲስተም እንዲህ ሲገጥመው ኤፍኤስሲኬ የሚባለው መፈተሻ ፕሮግራም ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር መፈተሽ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2001 ከርነሉ ውስጥ የገባው ኤክስት3፣ ኋላም ኤክስት4፣ ለውጡን አስቀድመው ጆርናል ላይ ስለሚመዘግቡ ጥገናው ብዙውን ጊዜ በሴኮንዶች ያልቃል።

ጆርናል ስላለ ገመድ መንቀል ችግር የለውም የሚለው እምነት ግን አደገኛ ነው። ኤክስት4 በመደበኛ ቅንብሩ ጆርናል ላይ የሚያሰፍረው መዋቅሩን እንጂ የፋይሎቹን ይዘት አይደለም። ፋይል ሲስተሙ ደህና ሆኖ ቢነሳ እንኳ፣ በመጻፍ ላይ የነበረው ሰነድ ጎዶሎ ሊሆን ይችላል።

አገልግሎቶችን የሚያስነሳውና የሚዘጋው ሲስተምዲ ባለበት ማሽን ፓወርኦፍ የሚለው ትእዛዝ ሲሰጥ፣ አገልግሎቶቹ ሲግተርም በሚባል ምልክት ሥራቸውን ጨርሰው እንዲወጡ ይጠየቃሉ፤ በመደበኛው ቅንብር በ90 ሴኮንድ ያልወጣው ሲግኪል በሚባል ምልክት ይገደላል። ስክሪኑ ላይ ሰዓቱ ሲቆጥር ትዕግሥት አጥቶ የኃይል ቁልፉን ተጭኖ መያዝ ትልቅ ስህተት ነው፤ ፋይል ሲስተሞቹ አንማውንት የሚደረጉት ከዚያ በኋላ ነውና።

ማሽኑ ጭራሽ ስታክ ካደረገ ከርነሉን በቀጥታ ማዘዝ ይቻላል። አልትንና ሲስአርኪውን እንደያዙ አር፣ ኢ፣ አይ፣ ኤስ፣ ዩ፣ ቢ በየተራ ይጫናሉ። ኢና አይ ፕሮግራሞቹን ያስወጣሉ፤ ኤስ ራም ላይ ያለውን ወደ ዲስክ ይጽፋል፤ ዩ ፋይል ሲስተሞቹን ለንባብ ብቻ ያደርጋል፤ ቢ ማሽኑን እንደገና ያስነሳል። ኡቡንቱ የትኞቹ የሲስአርኪው ትእዛዞች እንደሚፈቀዱ የሚወስነውን ቅንብር 176 ላይ ስለሚያደርገው የሚሠሩት ኤስ፣ ዩ እና ቢ ናቸው፤ ለፋይል ሲስተሙ ደህንነት ወሳኞቹም እነሱ ናቸው። ኤስ ጊዜ ስለሚወስድ በየመካከሉ ጥቂት ሴኮንድ መጠበቅ ያስፈልጋል።