ከካንዴላ እስከ ኮድ፦ የተሽከርካሪ ብልሽት ምርመራ በሀገራችን

ግንደወይን በምሥራቅ ጎጃም የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ርእሰ ከተማ ናት። በቢቸናና በሞጣ መካከል ያለው አገር ጤፉን ወደ አዲስ አበባ የሚያደርሰው በደጀን በኩል የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ ስለሆነ፣ በዚህ መሥመር የሚሠራ መኪና ሞተሩ ካልታመነ ባለቤቱ እንቅልፍ የለውም። ከጥቂት ጊዜ በፊት ከዚያው ከግንደወይን አንዲት ባለ ናፍታ ፒክአፕ ዳገት ላይ ጉልበት እያጣች ብታስቸግር፣ ዳሽቦርዷም ላይ የሞተር ምልክት ያለበት ቢጫ መብራት ቢበራ፣ በአይሱዙ ተጭና አዲስ አበባ መጣች። በኮምፒዩተርም ተመረመረች። መሣሪያው አንድ ኮድ አወጣ፤ ፒ 0087 የሚል። ትርጓሜው ወደ ኢንጀክተሮቹ የሚሄደው የናፍታ ግፊት ከሚገባው በታች ሆኗል ማለት ነው። ጋራዡም ዋናው ፖምፓና አራቱ ኢንጀክተሮች በሙሉ ይለወጡ ሲል ወሰነ። የተጠየቀው ገንዘብ ጥንድ በሬ ሳይሆን ብዙ ጥንድ በሬዎች የሚገዛ ነበር። ባለቤቱ የምርመራውን ሒሳብ ከፍሎ መኪናውን እንደ መጣች አስጭኖ ተመለሰ። ወደዚህ ነገር ኋላ እመለሳለሁ፤ አስቀድሞ ግን እዚህ እንዴት እንደ ደረስን ማየት ያስፈልጋል።

መኪና ወደ ሀገራችን የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ አንዲት ሲድሊ መኪና ከባሕር ጠረፍ አንሥቶ በረሃውን አቋርጦ አዲስ አበባ አደረሰ፤ ዳግማዊ ምኒልክም ተሳፈሩባት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት መኪና የመኳንንትና የሌጋሲዮን ዕቃ ሆኖ ስለቆየ ጠጋኙም የውጭ አገር ሰው ነበር። የመካኒክነት ሙያ በሀገሬው እጅ በሰፊው የገባው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጠላት ባመጣቸው የፊያትና የላንቺያ ካሚዮኖች ዙሪያ ነው። ቁልፍ አቀባይ ሆኖ የጀመረው ወጣት እያየ ተማረ፤ ከድል በኋላም ጠላት ጥሎት የሄደውን ካሚዮን ከሁለት ሬሳ አንድ ነፍስ ያለው እያደረገ መንገድ ላይ አዋለው።

ቋንቋችን ዛሬም ይህን ይመሰክራል። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሊስትራ፣ ቴስታታ፣ ሞተሪኖ፣ ቦቢና፣ ኩሽኔታ፣ ካቻቢቴ፤ ሁሉም የጣልያን ቃላት ናቸው። ፍሬንና ጎማ የምንላቸውም ከዚያው ወገን ናቸው። የጠላት ቃል ነው ብለው እነዚህን በአማርኛ ለመተካት የሚደክሙ አሉ፤ እኔ በበኩሌ ለድካሙ ምክንያት አላይለትም። ቃሉ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከዘይትና ከብረት ጋር በእጃችን የገባ ነውና የኛ ሆኗል። ሞያሌ ላይ ያለ መካኒክ ባሊስትራ ሲል ሞጣ ላይ ያለው ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ስሙን የሚያውቅ ሁሉ ዕቃውን በዓይኑ አይቶታል፣ በእጁም ዳስሶታል።

የምርመራውም ጥበብ ከዚሁ የተወለደ ነው። የቤንዚን ሞተር ሲንቀጠቀጥ የካንዴላዎቹን ገመድ አንድ በአንድ ይነቅሏል፤ ተነቅሎ የሞተሩ ድምፅ ካልተለወጠ በሽተኛው ያ ሲሊንደር ነው። ካንዴላው ወጥቶ ጫፉ ይታያል። ጥላሸት የለበሰ እንደሆነ ቤንዚን በዝቶበታል፤ ነጥቶ እንደሆነ አየር በዝቶበታል፤ በዘይት ረጥቦ ከተገኘ ግን የፒስቶኑ ፋሻ ሳይበላ አልቀረም። በናፍታ ሞተር ደግሞ የኢንጀክተሩ ቧንቧ ዳዶ በተራ ላላ እየተደረገ ይደመጣል። ጭሱም ይነበባል፤ ጥቁሩ ያልነደደ ናፍታ፣ ሰማያዊው የሚቃጠል ዘይት ነው። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ጆሮ፣ ዓይንና ትዕግሥት ነበር። በ1934 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዲስ አበባ ተግባረ እድ፣ በኋላም በ1955 ዓ.ም. በሶቭየት ኅብረት ርዳታ የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ሙያውን ከትምህርት ጋር ሲያገናኙት መሠረቱ ይኸው ነበር።

ኤሌክትሮኒክ ወደ ሞተር የገባው ግን መካኒክን ለመርዳት ታስቦ አይደለም። ምክንያቱ የሎስ አንጀለስ ጭስ ነው። የካሊፎርኒያ መንግሥት የመኪና ጭስ እንዲቀነስ ሲያስገድድ፣ ካርቡራተር ቤንዚንና አየርን በሚፈለገው ትክክል መመጠን አልቻለም፤ ስለዚህ ምጠናው ለኮምፒዩተር ተሰጠ። ፎልክስዋገን የቦሽን ኤሌክትሮኒክ የነዳጅ መርጫ በ1960ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. አወጣ። ካሊፎርኒያ ከ1988 ሞዴል ጀምሮ መኪናው የራሱን ብልሽት መዝግቦ መብራት እንዲያበራ ደነገገች፤ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ደግሞ በመላው አሜሪካ አሥራ ስድስት እግር ያለው አንድ ዓይነት ሶኬትና አንድ ዓይነት የኮድ አጻጻፍ ግዴታ ሆነ። አውሮፓም ለቤንዚን መኪናዎች በ2001፣ ለናፍታ በ2004 ተከተለች።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። ሕጉ ለሁሉም ክፍት ያደረገው ጭስን የሚመለከተውን ክፍል ብቻ ነው። የቁልፍ ምዝገባው፣ የካምቢዮው፣ የፍሬኑና የአዳዲስ ዕቃዎች ማስተዋወቂያው በፋብሪካው እጅ ቀረ። በአሜሪካ እንኳን የማሳቹሴትስ ሕዝብ በ2012 እ.ኤ.አ. በድምፀ ውሳኔ ካልጠየቀ በስተቀር ነጻ ጋራዦች የፋብሪካውን መረጃ በቀላሉ አያገኙም ነበር። እኛ ጋ ደግሞ አብዛኛው መኪና ያገለገለ ሆኖ ከጃፓንና ከዓረብ አገሮች የገባ ነው፤ ለጃፓን ገበያ ብቻ ተሠርቶ የመጣ አሮጌ መኪና ሶኬቱ አንድ ዓይነት መስሎ ርካሹን መሣሪያ የማይመልስበት ጊዜ ብዙ ነው። የዛሬው የናፍታ ሞተርም ኢንጀክተሩ ሲለወጥ በላዩ የተቀረጸው ቁጥር በኮምፒዩተር ካልተመዘገበለት በደንብ የማይሠራበት አለ። ስለዚህ የገጠር መካኒክ ዕቃውን መፍታትና መግጠም ቢችልም ሥራውን መጨረስ አይችልም። ካንዴላን በስሙ ወርሰን የኛ አደረግነው፤ የኮዱ መዝገብ ግን በክራይ የሚሰጥ ሆነ።

ይሁንና ጥፋቱን ሁሉ ወደ ፋብሪካ መግፋት ትክክል አይመስለኝም። ኮድ ምስክር ነው እንጂ ዳኛ አይደለም። ፒ 0171 ሲል ሞተሩ አየር በዝቶበታል ማለቱ ነው፤ አየሩ በተቀደደ ቱቦ ይግባ፣ ቤንዚን ፖምፓው ይድከም፣ ወይም የአየር መለኪያ ሴንሰሩ ይቆሽሽ አይናገርም። ይህን መለየት የሰው ሥራ ነው። በከተማችን ግን ኮዱ የጠራውን ዕቃ ለውጦ፣ መብራቱ ተመልሶ ሲበራ ቀጥሎ ያለውን ዕቃ መለወጥ ምርመራ ተብሎ ይጠራል፤ የስሕተቱንም ዋጋ የሚከፍለው ባለ መኪናው ነው። መሣሪያ የገዛ ጋራዥ የመሣሪያውን ዋጋ ለመመለስ መቸኮሉ ይገባኛል። ግን ጭሱን ማንበብ የሚያውቀው አንጋፋ መካኒክ እዚያው ጋራዥ ጥግ ተቀምጦ ሳለ የሚጠይቀው አለመገኘቱ ያሳዝናል።

ወደ ፒክአፗ እንመለስ። የግንደወይኑ መካኒክ በናፍታ ማጣሪያውና በፖምፓው መካከል የሚታይ የላስቲክ ቱቦ ገጥሞ ሞተሩን አስነሣ። በቱቦው ውስጥ ናፍታው አረፋ እየያዘ ሲያልፍ አየ። አየር እየገባ ነው ማለት ነው። መንገዱን ወደ ታንከሩ እየተከተለ ቢፈትሽ የመሳቢያው ቱቦ መጋጠሚያ ላይ ተሰንጥቆ አገኘው፤ ማጣሪያውም ሲፈታ ውኃና ደለል ሞልቶታል። ናፍታ በበርሜልና በጀሪካን በሚቀዳበት አገር ይህ የሚያስገርም አልነበረም። እንዲህ ያለ ሞተር ናፍታን ከአንድ ሺህ ባር በላይ የሚገፋ በመሆኑ ጥቂት አየርና ጥቂት ቆሻሻ ግፊቱን ለመጣል ይበቃሉ። ቱቦውና ማጣሪያው ተለወጡ። ከዚያ በኋላ መካኒኩ ከስልኩ ጋር የሚገናኝ ትንሽ ማንበቢያ ሰክቶ ግፊቱን ዳገት ላይ ተከታተለ፤ ቁጥሩ ሲስተካከልም ኮዱን አጠፋ። መሣሪያውን አልናቀም፤ ከጆሮው በኋላ አስቀመጠው እንጂ።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መከልከሉ ሥራችንን ወደ ሌላ ምዕራፍ ወስዶታል። በኤሌክትሪክ መኪና ላይ የሚደመጥ ሲሊንደር፣ የሚነበብ ጭስ የለም፤ የባትሪው ኃይልም በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ስለሆነ እየነቀሉ መሞከር ነፍስ ያስከፍላል። እዚያ ኮድ ማንበብ የግድ ነው። በየወረዳው ያለው መካኒክ ይህን ከማን እንደሚማር፣ የኮዱን መዝገብስ በምን ዋጋ እንደሚያገኝ ማኅበራችን ከአስመጪዎች ጋር ዛሬውኑ መነጋገር ያለበት ነገር ነው።

የግንደወይኑ መካኒክ ያወጣውን ኮድ ሁሉ በአንድ የተማሪ ደብተር ላይ ይመዘግባል፤ በስተግራ ቁጥሩን፣ በስተቀኝ በመጨረሻ የተገኘውን ጥፋት በአማርኛ። ባየሁት ጊዜ ሦስተኛውን ደብተር ይዞ ነበር። የዚያች ፒክአፕ መሥመር እንዲህ ይላል፦ «ፒ 0087። የመሳቢያ ቱቦ ተሰንጥቆ፣ ማጣሪያ ውኃ ይዞ። ፖምፓው ደኅና ነው።»