ሳንቲም ያጠቈረው እንፋሎት

የሙያ በሽታዎች ሕክምና አባት የሚባለው ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ፣ በሞዴና ከተማ አንድ የመጸዳጃ ጉድጓድ ጠራጊ በሥራው ሲጣደፍ አይቶ ምክንያቱን ቢጠይቀው፣ በዚያ ውስጥ ብዙ መቈየት ዓይንን እንደሚያሳውር ሰውየው ገለጸለት። ሐኪሙ እ.ኤ.አ. በ1700 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ መዝግቦ፣ በጠራጊዎች ኪስ ያለው የመዳብና የብር ሳንቲም መጥቈሩን በማስተዋል፣ ከጉድጓዱ የማይታይ ጎጂ እንፋሎት እንደሚወጣ ገመተ።

ያ እንፋሎት ዛሬ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይባላል። እዳሪ አየር በሌለበት ሲበሰብስ የሚፈጠር፣ ከአየር የሚከብድ ጋዝ በመሆኑ በጉድጓድ ግርጌ ይተኛል። በጥቂቱ እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበረታ ግን የማሽተትን ስሜት ስለሚያደነዝዝ፣ ሽታው የጠፋለት ሰው አደጋው ያለፈ ይመስለዋል። የወደቀውን ለማውጣት ያለ መከላከያ የገባው ሁለተኛ ሰውም ብዙ ጊዜ አብሮ ይቀራል።

እ.ኤ.አ. በ1775 ስኮትላንዳዊው ሰዓት ሠሪ አሌክሳንደር ከሚንግ የፈጠራ መብት ያገኘበት የመጸዳጃ ቤት ቧንቧ፣ በእጥፋቱ በሚቋጥረው ውሃ ጋዙን ከቤት አገደ። ይሁን እንጂ ውሃው ከደረቀ ወይም ቧንቧው ከተሰነጠቀ ጋዙ ተመልሶ ይገባል። ስለሆነም የሳንቲም መጥቈር ሳይጠበቅ፣ ቧንቧውን በየጊዜው መመርመር፣ ወደ ጉድጓድ ከመግባትም በፊት አየሩን መለካት ይገባል።